አራት ደቂቃ

ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ አናት ስትቆም፣
ሰባተኛው እርከን፣ ከሲሚንቶው ላይ ነኝ፣ ዛሬም እንደ ቀድሞም።
የአዳማ ነፋስ ነው አቧራ አስታቅፎ ቆቤን የሚነጥቀኝ፤
ትብለጥ ናት ከበር ላይ፣ «ለማየት ስንት ነው የሚከፍሉህ?» ብላ ሁሌ የምትጠይቀኝ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ።
ከጅቡቲ መንገድ ዳር፣ ከከባድ መኪኖች ማደሪያ ፊት ለፊት፣
እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ፣ ቀንም ሌሊት።

አርባ አንድ ቁጥር ላዳ፣ ዱሮ ታክሲ ነበረች፤
ወንበሯ ተነቅሎ፣ ብረት ተበይዶባት፣ ዛሬ ለስድስት ሰዓት ሩጫ ቀረበች።
ቱፋና እህቱ ቁልኒ ናቸው በየተራ የሚነዷት፤
የኋላ ቀኝ ጎማዋን ትናንት ማታ በባትሪ እኔ ነኝ የለጠፍኩላት።
ገንዘብ አልተቀበልኩም።

ከዚህ የሚታየው መንገድ፣ ከመታጠፊያው እስከ ባሕር ዛፉ፣
አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። ቆጥሬዋለሁ። መጡ ሲባል አለፉ።
ቀሪው ከኮረብታው ጀርባ ነው፣ ተርባይኖቹ ከሚሽከረከሩበት፤
እነሱ ብቻ ናቸው ከላይ ሆነው ዙሩን በሙሉ የሚያዩት።
አራት ደቂቃ አላይም፤ አሥራ ሁለት ሰከንድ አያለሁ።
ይሄን ሰው ፍቅር ይለዋል? እኔ እለዋለሁ።

ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜም አውቃታለሁ።
የቶዮታዎቹ ጩኸት አንድ ዓይነት ነው፤ የእሷ ግን ሳል አለበት፣
እንደ ደብተራ ጉሮሮ፣ ማኅሌት ቆሞ እንደ ነጋበት።

ከጎኔ የወንጂ ልጆች ሸንኮራ ይመጣሉ፤ ልጣጩ እግሬ ሥር ተከምሯል።
አንዱ «አባባ፣ ማን ይመራል?» አለኝ።
«ሠላሳ ስምንተኛ ዙሯ ነው» አልኩት። ያልጠየቀኝን መለስኩለት፤ ቆይቶ ገብቶኛል።
ደብተሬ ላይ ጭረት አኖራለሁ፣ አራት ቋሚ፣ አንድ አጋዳሚ፤
እንደ ዕቁብ ጸሐፊ፣ የማይደርሰኝ ዕጣ ታዳሚ።

ስድሳ አንደኛው ዙር ላይ አልመጣችም።
አራት ደቂቃ። አምስት።
ቶዮታዎቹ አለፉ። የደብረ ዘይቱ ፔጆ አለፈ። እሷ የለችም።
ስምንት።
አሥራ አንድ። ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ተነፈሰ።
ልጥፉ ነው።
የእኔ ልጥፍ ነው። ማስቲሹ በቅጡ ሳይደርቅ ነው የነፋሁት፤
እንቅልፌ መጥቶ ነበር፣ በአውራ ጣቴ ተጭኜ አልሞከርኩት።
መሪው ላይ ያለችው ቁልኒ ናት። ሁለት ልጆች አሏት።
ሸንኮራ የሚመጠው ልጅ መምጠጡን ተወ፤ ፊቴን አይቶ ይሆናል።

በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ፣ መጀመሪያ ሳሉ መጣ።
ከዚያ እሷ፤ በእንፋሎት ተከናንባ፣
ኮፈኗ በገመድ ታስሮ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ።
ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ቆሜ ጮህኩ።
የጮህኩትን ለመጻፍ አፍራለሁ፣ ግን እጽፈዋለሁ፦
«ራዲያተር ነው! ጎማው አይደለም! ጎማው አይደለም!»
ማንም አልጠየቀኝም።
የወዳጁ መኪና ፈልታ፣ የእጁን ንጽሕና አይቶ የፈነደቀ
ደጋፊ ይባላል? እንጃ። ያኔ ግን ጉልበቴ ሳቀ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ፣ እኔ ከማላየው ዙር ገባች።
ከአሥራ አራት መኪና አሥራ አንደኛ ወጣች፣
በአንድ ዓይን መብራት።
ሕዝቡ ወደ አሸናፊዎቹ ጎረፈ።
እኔ በአቧራው መሐል ወርጄ የኋላ ቀኙን ጎማ ነካሁት፤
ትኩስ ነበር፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር።
ቱፋ ቀና ብሎ «ምን ጎደለ፣ ጋሽ ኑርጋ?» አለኝ።
«ምንም። ነፋስ እንዳይቀንስ ብዬ ነበር።»

ቤት ስገባ፣ ሱሪዬ ላይ የሲሚንቶው ትቢያ እንዳለ፣
ትብለጥ በሩን ከፍታ፣ «እሺ፣ ስንት ከፈሉህ?» አለችኝ።
«ሰባ አራት» አልኳት።
ብር መሰላት።